የደንቆሮ ጫካ በማን መዝገብ ተጽፏል?

ስለ ካፒታል ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ገንዘብ ነው። በበጀት ዓመቱ መጨረሻ በሆቴልና በቱሪዝም ዘርፍ ይህን ያህል ባለሀብቶች ይህን ያህል ቢሊዮን ብር አስመዝግበው ፈቃድ ወሰዱ የሚል መግለጫ ይሰጣል። መግለጫው በራዲዮ ይነገራል፣ በጋዜጣ ይታተማል፣ በስብሰባም ላይ ይጠቀሳል። ሠርቶ አዳሪው ዜጋ ቁጥሩን ሰምቶ ያልፈዋል። ቁጥሩ ግን እሱን አያልፈውም። መንገድ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ የመብራት መስመር ለማን እንደሚዘረጋ፣ ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ ለማን እንደሚደርስ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ይኸው ቁጥር ነውና። ስለሆነም በቱሪዝም ኢኮኖሚ ውስጥ የዋለው መዋዕለ ንዋይ እንዴት ይለካል የሚለው ጥያቄ ለስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ የቀበሌው ነዋሪና የሆቴሉ ሠራተኛም ሊመረምሩት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ጥያቄውን በደፈናው ከማንሳት አንድ የታወቀ ቦታ ይዞ መመርመር ይበጃል። ቦታው የመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ያለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም ከደሴ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ አቀስታን አልፎ፣ ደጋው ወደ ዓባይ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት ትገኛለች። በቦረናና በሳይንት መካከል የቀድሞው የደንቆሮ የመንግሥት ደን አለ። ይህ ደን በ2001 ዓ.ም. በክልሉ መንግሥት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ሲቋቋም ስፋቱ ከ4 ሺህ ሄክታር ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ ኋላም ወደ ወረሂመኑ አቅጣጫ ተስፋፍቶ ወደ 15 ሺህ ሄክታር ገደማ ደርሷል። የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ከ2 ሺህ ሜትር በታች ከሆነው ቆላማ ጥጉ አንስቶ ከ3,700 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው አናቱ ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶ፣ አስታና ጅብራ በየከፍታቸው ተከታትለው ይታዩበታል። ጭላዳ ዝንጀሮ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ሰስና ነብር ይገኙበታል። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮም ከመጨረሻ መጠጊያዎቹ አንዱ ይኸው ደጋ ነው።

ጎብኚ የሚስበው ደኑ ብቻ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከአፄ ገላውዴዎስ ስም ጋር የተያያዘችው ተድባበ ማርያም በሳይንት ትገኛለች። ከዓባይ ማዶ በጎጃም በኩል መርጡለ ማርያም አለች። በዚሁ ደጋ ሰሜናዊ ጫፍ መቅደላ አምባና በላዩ የተጋደመው ሴባስቶፖል አሉ። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ይህን ሁሉ የያዘው አገር በቱሪዝም መዋዕለ ንዋይ ሰንጠረዥ ላይ ምን ያህል ተጽፎለታል?

በቅድሚያ ሰንጠረዡ ምን እንደሆነ እንመልከት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና ተባባሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት የቱሪዝም ሳተላይት ሒሳብ የአሠራር ማዕቀፍ 10 ሰንጠረዦች አሉት። ሳተላይት መባሉ ከአገሪቱ አጠቃላይ ሒሳብ ጋር ተያይዞ በጎኑ የሚቆም ንዑስ ሒሳብ በመሆኑ ነው። ቱሪዝም እንደ እርሻ ወይም እንደ ማዕድን ራሱን ችሎ የሚቆም አንድ ዘርፍ አይደለም፤ ጎብኚው ከሆቴሉ፣ ከአውቶቡሱ፣ ከምግብ ቤቱና ከሱቁ የገዛው ተለቅሞና ተደምሮ ነው አንድ ሒሳብ የሚሆነው። ጎብኚ ሲባልም የውጭ አገር ሰው ብቻ አይደለም። ከተለመደው የኑሮ አካባቢው ወጥቶ ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ የሚጓዝ፣ ለሥራ ተቀጥሮ ያልመጣ ሁሉ፣ ለንግሥ ወደ ግሸን ወይም ወደ ተድባበ ማርያም የሚሄደው ምእመን ጭምር፣ በትርጉሙ ውስጥ ይገባል።

የጎብኚውን ወጪ የሚመዘግቡት የመጀመሪያዎቹ ሰንጠረዦች በብዙ አገሮች ተሠርተዋል። ቋሚ ካፒታል ግንባታን የሚመለከተው 8ኛው ሰንጠረዥ ግን ብዙዎቹ ለነገ የሚያሳድሩት ነው፤ ማዕቀፉ ራሱም አስቸጋሪነቱን አልሸሸገም። በዚህ ሰንጠረዥ የሚገቡት በዋነኛነት ለቱሪዝም ተብለው የሚሠሩ ንብረቶች፣ ለምሳሌ የእንግዳ ማረፊያ ሕንፃዎችና የጉዞ አውቶቡሶች፣ እንዲሁም የቱሪዝም ድርጅቶች የሚገዟቸው ሌሎች መሣሪያዎችና ለቱሪዝም ሲባል በመሬት ላይ የሚደረጉ ማሻሻያዎች ናቸው። ሁሉንም የሚገዛቸው ደንብ አንድ ነው፤ ንብረቱ በሰው ሥራ የተገኘና ከአንድ ዓመት በላይ የሚያገለግል መሆን አለበት። የመሬት ዋጋ አይቆጠርም፤ መሬትን የሠራው የለምና። የተለመደ ጥገናም አይቆጠርም። አንድ ሆቴል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍም አዲስ ካፒታል አልተፈጠረም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ትርጉም አለው። በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ሆቴሎች ወደ መንግሥት ይዞታ ሲዛወሩ የአገሪቱ የአልጋ ቁጥር በአንድ እንኳ አልጨመረም። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብዙዎቹ ለግል ባለሀብቶች ሲሸጡም እንደዚሁ። ሽያጩ ለግምጃ ቤቱ ገቢ ነው፣ ለገዢው ወጪ ነው፤ ለአገሪቱ ቋሚ ካፒታል ግን ዜሮ ነው። ገዢው ቀጥሎ ያደሰው፣ የጨመረው ክፍል፣ ያስገባው አሳንሰር ብቻ ይቆጠራል። የሽያጭ ዋጋን ከግንባታ ዋጋ ጋር ደምሮ የዘርፉ ኢንቨስትመንት ብሎ ማቅረብ አንባቢን ማሳሳት ነው።

ከዚህ አኳያ ሲታይ በየመግለጫው የሚሰማው የተመዘገበ ካፒታል ምንድን ነው? በመሠረቱ ሐሳብ ነው። ባለሀብቱ ፈቃድ ሲያወጣ ይህን ያህል አፈሳለሁ ብሎ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ይታጠራል፤ አንዳንዱ አጥር ውስጥ ሕንፃ ይነሣል፣ አንዳንዱ ውስጥ ሣር ይበቅላል። ሁለቱም ግን በመግለጫው ድምር ውስጥ አሉ። በከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ በሠፈሩ እንዲህ ያለ ለዓመታት ታጥሮ የተቀመጠ ቦታ ማሳየት አያዳግተውም። ለዚህ ነው ፈቃድን ከግንባታ፣ ግንባታንም አገልግሎት መስጠት ከጀመረው ለይቶ የማያሳይ ቁጥር ለሕዝብ ሲቀርብ ተገቢው ጥያቄ መነሳት ያለበት።

የብሩ ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። አንድ ሆቴል የሚያስገባው ጄኔሬተር፣ የማቀዝቀዣ ክፍሉ ዕቃና የወጥ ቤቱ ምድጃ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። እነዚሁ ዕቃዎች፣ አንድም ሳይጨመርባቸው፣ በ2017 ዓ.ም. መዝገብ ላይ እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ። በተወሰነ ዓመት ዋጋ ያልተስተካከለ ድምር የካፒታልን ዕድገት ሳይሆን የብርን መድከም ነው የሚያሳየው።

አሁን ወደ መካነ ሰላም እንመለስ። በመደበኛ በረራ ለሚመጣ እንግዳ የዚህ ደጋ በር ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ በመኪና ደሴ ይወጣል፣ ከደሴም ምዕራቡን ይይዛል። ጉዞውን ያቀናበረለት ድርጅት ብዙውን ጊዜ የተመዘገበው በአዲስ አበባ ነው፤ ስለዚህ ያ መኪና፣ የቦረናን አቧራ ቢጠጣም፣ የአዲስ አበባ ካፒታል ነው። የሚያድርበት ደህና ሆቴል ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ከሆነ ሕንፃው የዚያ ከተማ ካፒታል ነው። እንግዳው ጭላዳውን አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በዚያው ዕለት ከተመለሰ ለመካነ ሰላም የሚቀርላት የሻይና የምሳ ሒሳብ ነው። በ8ኛው ሰንጠረዥ የቦረና ረድፍ ባዶ ይሆናል ማለት ነው። ባዶ ረድፍ ያለው ወረዳ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ቱሪዝም የሌለበት ተብሎ ይታለፋል። መለኪያው ራሱ የነገሩ ምክንያት ይሆናል።

መንገዱስ? ከመካነ ሰላም ዓባይን ተሻግሮ በመርጡለ ማርያም በኩል ወደ ጉንደወይን የሚዘልቀው መንገድ ወሎንና ጎጃምን የሚያገናኝ ነው። በዚህ አቅጣጫ የሚጓዝ ጎብኚ በአንድ ጉዞ ተድባበ ማርያምንና መርጡለ ማርያምን ሊያይ ይችላል። ነገር ግን በዚሁ መንገድ ጤፍ ይጫናል፣ በሽተኛ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ መካነ ሰላም ግቢው ይመጣል። የመንገዱን ወጪ በሙሉ ለቱሪዝም መቁጠር ቁጥርን ማሳበጥ ነው፤ ጨርሶ አለመቁጠርም ጎብኚው በአየር ላይ እየተራመደ የመጣ ማስመሰል ነው። ትክክለኛው መንገድ የሚያልፉትን ተሽከርካሪዎችና መንገደኞች ቆጥሮ የጎብኚውን ድርሻ መለየት ነው። ይህ ሥራ አድካሚ ቢሆንም ረቂቅ አይደለም፤ በየወቅቱ ለጥቂት ቀናት መናኸሪያ ቆሞ የሚጠይቅ ሰውና ወረቀት ብቻ ይፈልጋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ዋነኛው ጉዳይ ገና አልተነሣም። እሱም የሰው ጉልበት ነው።

የዚህ ደጋ ገበሬ ጉልበቱን ያለ ደመወዝ በጋራ ሥራ ላይ ማዋል የጀመረው ትናንት አይደለም። ጥንታዊ ምሳሌ ለመጥቀስ ያህል፣ አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ይዘው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነበር። ገደሉ እየተናደ፣ ዐለቱ እየተፈለጠ፣ የበሽሎ ቁልቁለትና አቀበት መንገድ እየተጠረገ ነው መድፉ የተጎተተው። ያ መንገድ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የግንባታ ሥራዎች አንዱ ነበር፤ ዋጋው ግን በየትኛውም መዝገብ በገንዘብ አልተጻፈም። ብዙም ሳይቆይ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ወደቀ፤ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የዘረፈውን ቅርስ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ሄደ። መድፉ ግን ከባድ ነበርና ቀረ። ዛሬ ጎብኚ ወደ አምባ ማርያም የሚወጣው ያንን በሰው ክንድ የተጎተተ ብረት ለማየት ነው።

በዘመናችንም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ወደ ደኑ የሚያስገባ የእግር መንገድ ሲከፈት፣ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ጎጆ ሲቀለስ፣ ወደ ገዳም የሚወስድ ደረጃ ሲደረደር ቀበሌው ይወጣል፤ ድንጋይ ይሸከማል፣ ይቆፍራል። ገንዘብ አልወጣምና ካፒታል አልተገነባም ይባላል። ይህ አባባል ከልማድ የመጣ እንጂ ከደንቡ የመጣ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት በማኅበረሰብ ጉልበት የሚሠራን መንገድ፣ ትምህርት ቤት ወይም የውኃ ጉድጓድ ራስ በራስ እንደተገነባ ቋሚ ካፒታል ይቆጥረዋል፤ ያልተከፈለበት ጉልበትም በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ በሚከፈለው የቀን ዋጋ እንዲገመት ያዛል። በሌላ አነጋገር የመካነ ሰላም አካባቢ ገበሬ ባዶ እጁን አልመጣም። ሕጉ ይቆጥርለታል፤ ቆጣሪው ነው ያልቆጠረለት።

የጉልበት ሥራ ሊቆጠር አይችልም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ወሎ ግን ለዚህ መልስ አላት። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረውና በቁጥሩ 2488 ተብሎ የሚታወቀው የዓለም የምግብ ፕሮግራም ሥራ ወሎን ጨምሮ በደጋው አገር እርከን ሲያሠራና ተራራ ሲያስከልል፣ ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይከፍል ነበር። ስንዴ ለማደል ሲባል ማን ስንት ቀን እንደሠራ፣ ስንት ሜትር እርከን እንደተሠራ ተቆጥሯል። እርከኑ የእርሻ ካፒታል ነው፤ ወደ ቱሪዝም ሒሳብ እናስገባው ማለታችን አይደለም። የምንለው፣ የሥራ ቀን ለስፍር ሲሆን ከተቆጠረ ለካፒታልም ሲሆን የማይቆጠርበት ምክንያት የለም ነው። ያ ሁሉ ሥራ በብዙ ሰው አእምሮ የቀረው በእርዳታነቱ መሆኑም ያሳዝናል፤ የገበሬው ክንድ ተረስቶ ስንዴው ብቻ ይታወሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለክርክራችን እንዲመች ብለን ደንቡን መጠምዘዝ አይገባንም። ክረምቱ የናደውን የእግር መንገድ በየመስከረሙ መጥረግ ጥገና ነው፤ ካፒታል አይደለም። አዲስ መንገድ መክፈት፣ ወይም አሮጌውን አስፍቶና ድንጋይ ለብጦ ዕድሜውን ማርዘም ግን ካፒታል ነው። ሁለቱን ሳይለዩ የሚቀርብ የጉልበት ሒሳብ ሣር እንደበቀለበት አጥር ሁሉ የማይታመን ይሆናል።

ስለ ደኑስ ምን እንበል? በሒሳቡ ሥርዓት መሠረት ሰው የተከለው ዛፍ የተመረተ ንብረት ነው፤ የተፈጥሮ ደን ግን አልተመረተምና ቋሚ ካፒታል ግንባታ ውስጥ አይገባም። የፓርኩ ጠባቂ ደመወዝም የዓመት ወጪ ነው። ስለዚህ በደኑ ጥግ የሚሠራ የሲሚንቶ በር ካፒታል ሲሆን፣ እንግዳው የመጣበት ደን ግን ካፒታል አይደለም። ደኑ እንዲተርፍ ሲባል ከብቱን ከግጦሽ የመለሰው፣ ማገዶውን ከሌላ ቦታ የፈለገው ገበሬም በሒሳቡ ውስጥ ቦታ የለውም። ሠርቶ ሳይሆን ትቶ ነው ያዋጣውና። ስለ ደንቆሮ ጫካ ስም የሚስቅ እንግዳ አይጠፋም፤ በዚህ ነገር ግን የማይሰማው ጫካው አይደለም።

የዓለም የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ይህን ጉድለት አላጡትም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን የቱሪዝምን ዘላቂነት ለመለካት የሚያገለግል ማዕቀፍ አጽድቋል። ማዕቀፉ የቱሪዝሙን ሒሳብ ከአካባቢ ጥበቃ ሒሳብ ጋር አያይዞ ደኑን፣ ውኃውንና በዙሪያው ያለውን ኅብረተሰብ ከገንዘቡ ጎን እንዲታዩ ያደርጋል፤ አገርን በጅምላ ብቻ ሳይሆን በየአካባቢው መለካትንም ይፈቅዳል። ይህ ሲባል ግን ደኑን በብር መተመን ሁልጊዜ ለነዋሪው ይጠቅማል ማለት አይደለም። ዋጋ የወጣለት ነገር ገዢ ይመጣበታል። ደኑ የቱሪዝም ካፒታል ነው ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በዚያው ገጽ ካልተጻፈ፣ ቆጠራው ገበሬውን ከደጃፉ ለማስነሣት ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ደኑ በሄክታሩ፣ በዛፉና በአውሬው ቁጥር ቢመዘገብ፣ የተተወው ግጦሽ ደግሞ በሄክታርና በከብት ቁጥር ቢጻፍ፣ ለጊዜው ከብር ተመን ይሻላል።

ጥቃቅን ካፒታል ሕዝብ ሲይዘው ምን እንደሚሠራ በቅርብ የታየ ምሳሌ አለ። በሰሜን ወሎ መቄት፣ መቋት ማርያም በተባለው ቦታ፣ ተስፋ በሚል ስም የሚታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጀመሪያ ጎጆዎቹን ለእንግዳ ከፈተ። ጎጆዎቹ በአገሬው ድንጋይና ሣር የተሠሩ ናቸው፤ እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፣ ጓዙን አህያ ይሸከማል፣ ምግቡን የመንደሩ ሰው ያበስላል። በቢሊዮን በሚቆጠር መግለጫ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎጆ አይታይም። ሆኖም እንግዳው የከፈለው ገንዘብ በዚያው ሰው እጅ ይገባል።

ወደ ኪሣራው ገጽ ስንሻገር ደግሞ ሌላ አስገራሚ ነገር እናገኛለን። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ሆቴሎችና ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፤ የደሴ ሙዚየምም ከዝርፊያው አልዳነም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው የትጥቅ ግጭት ደግሞ የጎብኚውን እግር አሳጥሯል። በብሔራዊ ሒሳቡ ሥርዓት በጦርነት የወደመ ንብረት እንደ ዓመታዊ እርጅና አይቆጠርም፤ ከካፒታል ግንባታ ላይም አይቀነስም። በሌላ ገጽ፣ የንብረት መጠን ለውጥ በሚባል መዝገብ ይጻፋል። የተሰበረው ሆቴል እንደገና ሲሠራ ግን ወጪው በሙሉ አዲስ ካፒታል ግንባታ ነው። ሁለቱን ገጾች አጣምሮ የማያነብ ሰው፣ የተቃጠለ ከተማ ካልተቃጠለው የበለጠ ኢንቨስትመንት ሳበ ብሎ ሊደመድም ይችላል። በዚህ መካከል እንግዳ ያልገባበት ሕንፃ ያረጃል፣ የባንኩ ወለድ ይቆጥራል፣ አስተናጋጇና አልጋ አንጣፊዋ ከሥራ ይቀነሳሉ። የእነርሱ ሙያ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው የእንግዳ አቀባበል ዕውቀት፣ በ8ኛው ሰንጠረዥ ውስጥ ቀድሞውንም አልነበረም።

አገራዊውን ሒሳብ የሚያዘጋጀው የፕላንና ልማት ሚኒስቴር፣ መረጃውን የሚሰበስበው የስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ዘርፉን የሚመራው የቱሪዝም ሚኒስቴር ነው። እነዚህ ከላይ ሆነው የቦረናን የእግር መንገድ ሊያዩ አይችሉም። ሊያዩ የሚችሉት የተጻፈላቸውን ነው። የጻፈ ቀበሌ ግን እስካሁን ጥቂት ነው፤ ዕድር ለለቅሶ የወጣውንና የቀረውን በስም ለይቶ በሚጽፍበት አገር ለመንገድ የወጣው ሰው ሳይጻፍ መቅረቱ ግራ ያጋባል። መዝገቡ ብዙ አይጠይቅም፤ ቀኑ፣ የወጣው ሰው ቁጥር፣ የዋለበት ሰዓት፣ ሥራው አዲስ ይሁን ጥገና፣ የተሠራው ርዝመት፣ በዚያ ሰሞን በከተማው ለቀን ሠራተኛ የተከፈለው ዋጋ። ከዚህም ጋር ለደኑ ሲባል የተከለለው ግጦሽ ስፋት። ይህ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በቀበሌው፣ አንዱ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ፣ የቦረና ረድፍ ለምን ባዶ ሆነ ተብሎ በሚጠየቅበት ዕለት ጠረጴዛው ላይ የሚቀርብ ወረቀት ይኖራል።